አዳማ ላይ የትኛው የተክል አጥር? ከእባቡም ከእንሽላሊቱም ጋር ተስማምቶ ለመኖር

አዳማ ዳር ዳሩን እየሰፋች ነው። ወደ ወንጂ መውጫ፣ ወደ ሶደሬ መንገድ፣ ቦኩ ሸነን አካባቢ፣ ትናንት ጤፍ ይዘራበት የነበረው መሬት ዛሬ ቤት ቆሞበታል። ቤቱ ሲያልቅ ግን ብዙ ጊዜ ገንዘቡም አብሮ ያልቃል። የብሎኬቱ አጥር ለከርሞ ይባላል። እስከዚያው የተክል አጥር ይታሰባል። "የቱን ልትከል?" ብላችሁ ስትጠይቁ መልሱ እንደ ጎረቤቱ ብዛት ነው። አንዱ ቅንጭብ ይላል፣ ሌላው በለስ፣ አንዷ ደግሞ ቡገንቪሊያ ካልሆነ ግቢ ግቢ አይመስልም ትላለች።

ሁሉም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ነገር ግን እነዚህ ተክሎች ባዶ አይቀመጡም። ሜዳው ሰፈር ከመሆኑ በፊት እዚያ የነበሩት እባቦች፣ እንሽላሊቶችና ኤሊዎች የትም አልሄዱም፤ ጥላና ምግብ ፍለጋ ወደ አጥራችሁ ይጠጋሉ። ስለዚህ እኔ የተክል አጥር ስመለከት እሾሁንና አበባውን ትቼ መጀመሪያ ከመሬት በላይ ያለችውን አንድ ስንዝር ነው የማየው። ከማን ጋር እንደምትኖሩ የምትወስነው እሷ ናት።

መስፈርቶቹ

*ታችኛዋ ስንዝር።* የአጥሩ ሥር ይታያል? በመጥረጊያ ይደረስበታል? ወይስ ቅጠልና ቆሻሻ ተከማችቶበት አይጥ ይራባበታል? እባብ ግቢ የሚገባው ለሦስት ነገር ነው፤ ለምግብ፣ ለውሃና ለመደበቂያ። ከሦስቱ ምግቡና መደበቂያው ብዙ ጊዜ አጥር ሥር ይገኛሉ።

*ዓይንና ልጅ።* አንዳንዱ ተክል ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል፣ አንዳንዱ እሾሁ ልክ በሕፃን ዓይን ቁመት ላይ ነው። ልጅ ያለበት ቤት ይህን ከሁለተኛ ደረጃ ዝቅ ባያደርገው ይሻላል።

*ውሃና አፈር።* የአዳማ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል። ከዚያ በኋላ በጋው ረጅም ነው። አፈሩ በብዙ ቦታ ፈካ ያለ፣ ውሃ ቶሎ የሚያሳልፍ የእሳተ ገሞራ አመድና ጠጠር ነው። የቧንቧው ነገር ደግሞ ለነዋሪው አይነገርም።

*ነፋስ።* 51 ሜጋ ዋት አቅም ያለው አዳማ አንድና 153 ሜጋ ዋት አቅም ያለው አዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ከከተማዋ ዳር ኮረብታዎች ላይ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በበጋ ያ ነፋስ ፌስታልና ደረቅ ቅጠል እየጠረገ አጥራችሁ ሥር ይቆልላል። ቅርንጫፉ የሚሰበር ተክልም ይጥላል።

ገንዘብ፣ የእድገት ፍጥነትና ፍየል የማሳለፍ አለማሳለፍ ጉዳይም አለ። እሱን በየተክሉ እናየዋለን።

ጎረቤቶቻችሁ እነማን ናቸው?

ማታ አምፖል አጠገብ ግድግዳ ላይ የምትሮጠው ፈዛዛ እንሽላሊት ትንኝና የእሳት እራት ለቃሚ ናት። መርዝ የላትም። ካብ ወይም ብሎኬት ላይ ፀሐይ እየሞቀ ጭንቅላቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ተለቅ ያለውም የጉንዳንና የጥንዚዛ ጠላት ነው። እስስትን ብዙ ሰው ይፈራታል። ቀስ ብላ ሄዳ ዝንብ ከመያዝ በቀር ሌላ ሥራ የላትም። በአጭሩ፣ አገራችን ውስጥ ነክሶ ሰውን የሚመርዝ እንሽላሊት የለም።

አርጃኖ ትልቅ ነው፤ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ማዕዘን ካላስያዛችሁት ሸሽቶ ይሄዳል። ከያዛችሁት ግን በጅራቱ ይጋረፋል፣ ይነክሳልም። ችግሩ ለዶሮ አርቢ ነው፤ እንቁላልና ጫጩት ይወዳል። ኤሊ ደግሞ ቅጠል ከመብላት ያለፈ ነገር አታደርግም። መንገድ ዳር ያገኛችኋትን አንስታችሁ ለልጅ መጫወቻ ማምጣት ግን ልክ አይደለም፤ የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው። አዋሽ ውስጥ አዞም አለ፤ እሱ በአጥር ምርጫችሁ አይመጣም፣ አትጨነቁ።

እባብ ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገር። "እባብ ያየ በልጥ በረየ" እንዲሉ፣ ሰፈሩ ውስጥ አንድ ሰው ከተነከሰ የሚሳበው ሁሉ ይገደላል። ይህ አያዋጣም። ግቢ ውስጥ ከሚታዩት ብዙዎቹ ለሰው አያሰጉም። ቡናማ፣ ጭንቅላቱ ጎን ላይ ፈዛዛ መስመር ያለው፣ ማታ ማታ የሚወጣ ቀጭን እባብ አለ፤ መርዝ የለውም፣ ሥራው አይጥ መብላት ነው። እሱን ስትገድሉ አይጡ ይበዛል፤ አይጡ ደግሞ ሌላ እባብ ይጠራል። ዝናብ ሲዘንብ ከአፈር የሚወጣ፣ የምድር ትል የሚመስል ትንሽዬ እባብም አለ። እሱም ምስጥና ጉንዳን ነው የሚበላው።

የሚፈራው እፉኝት ነው። አጭርና ወፍራም ነው። ጀርባው ላይ የተደረደረ የቀስት ጫፍ የመሰለ ቅርጽ አለው። ጭንቅላቱ ሰፊና ጠፍጣፋ ሆኖ ከአንገቱ በግልጽ ይለያል። ሌላው እባብ ኮቴ ሲሰማው ይሸሻል፤ እፉኝት አይሸሽም። ቀለሙን ተማምኖ ደረቅ ቅጠል ላይ ዝም ብሎ ይተኛል። ሰው የሚረግጠውም ለዚህ ነው። ከረገጣችሁት በኋላ ማወቅ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ትልቁ መከላከያ የሚተኛበትን ቅጠል መጥረግ ነው። ኮብራ ሲቆጣ አንገቱን ይዘረጋል፣ የሚተፋም ዓይነት አለ። ጥቁር ማምባም ሞቃትና ዝቅተኛ በሆኑ የአገራችን ክፍሎች ይገኛል።

እባብን በቀለም ብቻ መለየት ለባለሙያም ያስቸግራል። የማታውቁትን ሁሉ መርዘኛ ነው ብላችሁ ራቁት፤ መውጫ ስጡት፣ ይሄዳል። ዱላ ይዞ መቅረብ ለመነከስ መመቻቸት ነው።

ተክሎቹ አንድ በአንድ

*ቅንጭብ።* በአዳማ ዙሪያ በየቦታው ታዩታላችሁ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከጎረቤት ቆርጣችሁ ታመጣላችሁ፣ ትተክላላችሁ፣ ይበቅላል። ውሃ አይጠይቅም፤ ፍየልም አትነካውም። ቅጠሉ ኢምንት ስለሆነ ሥሩ ላይ የሚረግፍ ነገር የለም ማለት ይቻላል። በታችኛዋ ስንዝር መስፈርት እንዲያውም ጥሩ ነው፤ ሲያረጅ ግንዱ ይራቆታል፣ ሥሩ ይታያል። እንዳይታይ የሚያደርጉት ሰዎች ናቸው፤ አጥሩ እንዲጠብቅ ብለው ከታች እየከረከሙ ያጠላልፉታል።

ጉዱ ወተቱ ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፣ ለቀናት እይታን ሊጋርድ ይችላል፣ የዓይንን ብሌን ይጎዳል። ቆዳንም ያሳክካል። የአዳማ ነፋስ ባለበት ቀን ቅንጭብ መከርከም ማለት ወተቱን ወደ ፊት እንዲመጣ መጋበዝ ነው። መቆረጥ ካለበት ነፋስ ሳይነሳ በማለዳ፣ በመነጽር፣ በጓንትና ረጅም እጅጌ ባለው ልብስ ይሁን። ልጆች እየሰበሩ የሚጫወቱበት ከሆነ እኔ አልመክረውም። ትልልቁ ቁልቋልም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ወተቱም ያው ነው። ዛፍ ስለሚሆን ለጠባብ ግቢ አጥር አይመችም።

*በለስ።* ከሜክሲኮ የመጣ ተክል ነው፤ በትግራይ ግን የአገሩ ያህል ተላምዷል። ፍሬው ይበላል፣ ይሸጣል። ድርቅን ይችላል። ሰውም ዘሎ አያልፈውም። እስኪጠነክር ግን ከፍየልና ከከብት ጠብቁት፤ በበጋ ይወዱታል።

የበለስ ትልቁ እሾህ አያሳስብም። የሚያስቸግረው ፀጉር የመሰለው ትንሹ ነው። ነፋስ ሲኖር ይበናል፣ ቆዳና ዓይን ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው ፍሬው ጤዛ ሳለ በጠዋት የሚለቀመው። ከታች ደግሞ ነገሩ ይከፋል። የወደቀ ፍሬ አይጥ ይስባል፣ የረገፈው ቅጠሉ እርስ በርሱ ተደራርቦ ዋሻ ይሠራል፣ በእጅ ገብቶ ማጽዳት አይቻልም። ፍሬውን በወቅቱ የማይለቅም ቤት በለስ ባይተክል ይሻላል። ቅጠሉ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ካያችሁ ኮቺኒል የተባለው ተባይ ነው፤ በትግራይ ብዙ በለስ ጨርሷል። የተያዘውን ቅጠል ቶሎ ቆርጣችሁ ቅበሩ።

*ቃጫ።* ሲሳል የምንለው ነው። ለድርቅ ከእሱ የሚበልጥ የለም። ግን የቅጠሉ ጫፍ መርፌ ነው፤ ቁመቱም ሕፃን ዓይን ላይ ይደርሳል። ሥሩ ደግሞ በጭራሽ አይጸዳም፤ ዙሪያውን እየፈለፈለ ይጨናነቃል። ለእርሻ ዳርቻ ይሁን፣ ለመኖሪያ ግቢ ግን አይሁን። ሌላ የምለው የለኝም።

*ክትክታ።* ስሙን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ አጥር ሊሆን እንደሚችል ግን ብዙም አያስብም። የአገራችን ቁጥቋጦ ነው። ወተት የለውም፣ እሾህ የለውም። ከብትና ፍየል ብዙም አይወዱትም። ከሥር ከጠነከረ በኋላ በጋውን ያለ ውሃ ይወጣዋል። ክርከማ ይወዳል፤ ከታች አንድ ክንድ ያህል አራቁታችሁ ከላይ ብታደፍኑት ሥሩ እንደ ደጃፍ ይጠረጋል። ያረጀው ቅርንጫፍ ለማገዶና ለዱላ ይሆናል።

ጉድለት አለው። ሌባ አያስቆምም። ገፍቶ ማለፍ ይቻላል። መጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ውሃ ይፈልጋል። ዘሩ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ከመዘራቱ በፊት ሙቅ ውሃ ውስጥ ቢነከር በቶሎ ይበቅላል። ሌባውን ለማስቆም ከመካከሉ ሁለት ሦስት መስመር የሾህ ሽቦ መሳብ ይቻላል፤ ክትክታው ሽቦውን ይሸፍነዋል።

*አጋም።* እሾኻም፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ አበባው የሚሸት፣ ፍሬው ልጅ የሚወደው የአገር ተክል ነው። ለሌባ ከክትክታ አሥር እጅ ይሻላል። ፍጥነቱ ግን ትዕግሥት ይፈትናል። ቅርንጫፉ እስከ መሬት ይወርዳል፤ እጅ አያስገባም፣ መጥረጊያም አያስገባም። ወፍና እስስት ደስ ይላቸዋል፤ አይጥም እንዲሁ። የምትተክሉት ከሆነ ከልጅነቱ ጀምሮ ከታች መግረዝ ልመዱ። ካደገ በኋላ ልግረዝህ ብትሉት አይሆንም።

*ቡገንቪሊያ።* ያምራል፤ ክርክር የለውም። እሾህም አለው። ግን ራሱን ችሎ አይቆምም፤ ሽቦ ወይም ግድግዳ ይፈልጋል። የሚረግፈው አበባ ብዙ ነው፤ ደርቆ በነፋስ እየተገፋ ጥግ ጥግ ይቆለላል። እፉኝት የሚተኛበት ምንጣፍ ይህ ነው። በየሁለት ቀኑ የሚጠርግ ሰው ካለ ችግር የለም፤ ከሌለ በር ላይ አንድ እግር ብቻ ተክላችሁ ይብቃችሁ።

*የማይተከሉ።* ፕሮሶፒስ የተባለውን እሾኻም ወራሪ ዛፍ ማንም በነፃ ቢሰጣችሁ አትቀበሉ። በአፋር የግጦሽ መሬት ምን እንዳደረገ አገር ያውቀዋል፤ ወደ ላይኛው አዋሽ ማምጣት ደግሞ ለልጅ ልጅ ዕዳ ነው። የወፍ ቆሎም አበባው ቢያምርም ራሱን እየዘራ ይወራል፣ ከብትንም ይመርዛል።

በአንድ እይታ

| ተክል | ታችኛዋ ስንዝር | ለዓይንና ለልጅ | ውሃ | እድገት | ሌባ ይከለክላል? | መነሻ ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ቅንጭብ | ጥሩ፣ ካልተጠላለፈ | አደገኛ ወተት | በጣም ጥቂት | ፈጣን | በከፊል | ከሞላ ጎደል ነፃ |
| በለስ | መጥፎ | ትንሹ እሾህ ያስቸግራል | በጣም ጥቂት | መካከለኛ | አዎ | ዝቅተኛ |
| ቃጫ | በጣም መጥፎ | ጫፉ አደገኛ | በጣም ጥቂት | መካከለኛ | አዎ | ዝቅተኛ |
| ክትክታ | በጣም ጥሩ | ሰላማዊ | መጀመሪያ ላይ ብቻ | መካከለኛ | ያለ ሽቦ አይከለክልም | ዝቅተኛ፣ ከነሽቦው መካከለኛ |
| አጋም | መካከለኛ፣ ከተገረዘ | እሾህ አለው | መጀመሪያ ላይ ብቻ | ዘገምተኛ | አዎ | ዝቅተኛ |
| ቡገንቪሊያ | መጥፎ፣ ካልተጠረገ | እሾህ አለው | መካከለኛ | ፈጣን | በከፊል | ከፍተኛ፣ ድጋፍ ስለሚፈልግ |

ለማን የቱ?

ትንንሽ ልጆች ካሉና ገንዘብ ካጠረ፣ ክትክታ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች የእቃና የልብስ እጣቢ ውሃ እያጠራቀማችሁ ብታጠጡት ይበቃል፤ በረኪና የገባበትን ግን ተዉት።

ሰው ገና ባልሰፈረበት ዳር ላይ ብቻችሁን ከሆናችሁና የምትሰጉት ሌባና ከብት ከሆነ፣ አጋምን ከውጭ፣ ክትክታን ከውስጥ አድርጉ። አጋሙ እስኪደርስ ክትክታው ይሸፍናል። በመካከላቸው ሰው የሚያልፍበት ክፍተት ተዉ፤ ካልተዋችሁ ማጽዳት አይቻልም።

ምንም ገንዘብ ከሌለና ቤቱ ውስጥ ያሉት አዋቂዎች ብቻ ከሆኑ፣ ቅንጭብ ክፉ ምርጫ አይደለም። በለስን ከቤቱ ራቅ አድርጎ፣ ፍሬውን ለገበያ ለሚፈልግ ሰው ብቻ እላለሁ። ዶሮ የምታረቡ ከሆነ ግን በለስም አጋምም ከዶሮ ቤቱ አጠገብ አይሁን፤ አይጡም፣ እባቡም፣ አርጃኖውም ለእንቁላሉ ሲሉ መሸሸጊያውን ይወዱታል። የዶሮ ቤቱን ወለል ከፍ አድርጉ፤ ቀዳዳውንም በጠባብ ወንፊት ሽቦ ዝጉ።

ተከራይ ከሆናችሁ አጥሩን መቀየር ስለማትችሉ ሥሩን ያዙ። የትኛውም አጥር ይሁን፣ ከውስጥ በኩል ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው ምንም ያልበቀለበት፣ በየቀኑ የሚጠረግ መሬት ይኑር። እዚያ ላይ የሚያልፍ ነገር ይታያል። የተረፈ ብሎኬት፣ ቆርቆሮና እንጨት አጥር ተደግፎ አይከመር። ከግንባታ የተረፈ ክምር ከየትኛውም ተክል የባሰ የእባብ ቤት ነው። ማታ ስትወጡ ባትሪና የተሸፈነ ጫማ አይለያችሁ።

ናፍታሌንና ድኝ መበተን ገንዘብ ማባከን ነው። ናፍታሌን ተሞክሮ እባብን እንደማያባርር ታይቷል፤ ሕፃን ከረሜላ መስሎት ቢውጠው ደግሞ ከእባቡ ያላነሰ አደጋ ነው።

አደጋ ከደረሰ

የቅንጭብ ወተትም ሆነ የእባብ ትፋት ዓይን ውስጥ ከገባ መጀመሪያ የሚደረገው አንድ ነው። አትሹት። ወዲያው በብዙ ንጹህ ውሃ፣ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እጠቡት። ከዚያ ወደ ዓይን ሕክምና።

እባብ ከነከሰ የተነከሰው ሰው እንዲረጋጋና እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ። ቀለበት፣ ሰዓትና ጠባብ ጫማ አውልቁ፤ እግሩ ወይም እጁ ያብጣል። የተነከሰውን እጅ ወይም እግር እንደ ስብራት በእንጨት ደግፋችሁ ሳይዘገይ ሆስፒታል አድርሱት፤ በመንገድ ላይ ሳላችሁ ደውላችሁ መድኃኒቱ የት እንዳለ አጣሩ። መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ጉዳቱን ያባብሳል። እባቡንም ገድሎ ለማምጣት አትሞክሩ፤ ከርቀት በስልክ ፎቶ ማንሳት ከተቻለ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. የእባብ ንክሻን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ብዙ ሰው ሕክምና ሳያገኝ ወይም ዘግይቶ ስለሚሞት ነው።

መቼና እንዴት ይተከል?

ክትክታና አጋም ችግኛቸው ዝናቡ አፈሩን በደንብ ካራሰ በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ይተከላል። ቅንጭብና በለስ በተቃራኒው ተቆርጠው ወዲያው ከተተከሉ ይበሰብሳሉ። ቁስሉ እስኪደርቅ ቅንጭቡን ለጥቂት ቀናት፣ በለሱን ለአንድ ሁለት ሳምንት ጥላ ውስጥ አቆዩት።

ያረጀ የቅንጭብ አጥር ወርሳችሁ ልጆች ከመጡባችሁ አንዴ አትንቀሉት፤ ግቢው ይጋለጣል፣ ወተቱም በአንድ ቀን ብዙ ይሆናል። ክትክታውን ከውስጥ በኩል በሰኔ መጨረሻ ትከሉ። ክትክታው ከወገብ ሲያልፍ ቅንጭቡን በየዓመቱ የተወሰነ ሜትር እየቆረጣችሁ አንሱ። የተቆረጠውን አፈር ላይ አትተዉት፤ እርጥበት ካገኘ እንደገና ይበቅላል።